መዥገሩ የእኛ፣ ስሙ የባዕድ

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ መዥገር ሊጽፍ ብዕር ቢያነሣ የሚስቅበት እንደማይታጣ እናውቃለን። አሳባችንን በመኝታ ቤታችን በገለጽን ጊዜ አንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድማችን «ቅኔውንና ታሪኩን ጨርሳችሁ ደግሞ መዥገር ልትለቅሙ ነው?» ብሎ ቤቱን ሁሉ አሳቀብን። እኛም አብረን ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን እርሱ ስለ ከብት ጠባቂው ሰው፣ እኛም ከብት ጠባቂው ስለሚነቅለው መዥገር አንዳች ሳንማር የዩኒቨርሲቲ ዘመናችንን ልንፈጽም መሆኑን ስናስበው፣ ነገሩ ከቀልድ ያለፈ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ለትንሣኤ በዓል ወደ አገር ቤት ወርደን ሳለ፣ የሰፈራችን ሰዎች እንደ ልማዳቸው ገንዘብ አዋጥተው ለቅርጫ የሚሆን በሬ ገዝተው አረዱ። ከበሬው ጆሮ ሥርና ከጭኑ መካከል መዥገሩ እንደ ጉሎ ፍሬ አብጦ ተንጠልጥሎ ነበር። ስምንት ዓመት የሚሆነው የአክስታችን ልጅ መዥገሩን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ድንጋይ ላይ እያስቀመጠ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ያፈነዳል። ደሙ ፊቱ ላይ በተረጨ ቁጥር ጓደኞቹ ይስቃሉ። እኛም በልጅነታችን ያንኑ ስናደርግ ያደግን ስለሆነ አልከለከልነውም፤ እንዲያውም አብረን ሳቅን። ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ተመልሰን በቤተ መጻሕፍት ስለ ሌላ ጉዳይ ስንፈልግ በአጋጣሚ ያገኘነው አንድ ጽሑፍ ግን ያን የልጅ አውራ ጣት መልሶ ከዓይናችን ፊት አቆመው።

ጽሑፉ በ1978 በአንድ የአሜሪካ የሐሩር አገር ሕክምና መጽሔት የወጣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከኢትዮጵያ መዥገሮች ውስጥ አራት ዓይነት ቫይረሶች ተለይተው መገኘታቸውን ይናገራል። የአራቱም ስም ይህ ነው፤ የክራይሚያ-ኮንጎ የሚያደማ ትኩሳት ቫይረስ፣ ቶጎቶ፣ ዱግቤ፣ ጆስ። ከጽሑፉ ባለቤቶች አንዱ ጆን አሽ ሲሆን፣ ይህ ሰው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወፎች በማጥናት የታወቀ ነው። ሌላው ጆርዲ ካዛልስ የቫይረስ ሊቅ ነው። ከጸሐፊዎቹ መካከል የኢትዮጵያዊ ስም አላገኘንም።

አንባቢ ሆይ፣ አራቱን ስሞች እስቲ እንደገና እንመልከታቸው። ክራይሚያ በጥቁር ባሕር ላይ ያለ ምድር ነው። ኮንጎ የታወቀ ነው። ቶጎቶ በኬንያ፣ ከናይሮቢ አጠገብ ያለ ደን ነው። ዱግቤ በናይጄሪያ የኢባዳን ከተማ ሰፈር ነው። ጆስም የናይጄሪያ ከተማ ነው። እንግዲህ መዥገሩ የእኛ፣ የጠጣውም ደም የበሬአችን ደም ሆኖ ሳለ፣ በሆዱ የተሸከማቸው ሁሉ የሌላ አገር ስም ይዘው ይገኛሉ። ይህ ለምን ሆነ? እነዚህ ቫይረሶች ከክራይሚያ፣ ከኮንጎ፣ ከኬንያና ከናይጄሪያ ተነሥተው ወደ እኛ ስለ መጡ ነውን? አይደለም። ስም የሚወጣው ቫይረሱ በተወለደበት ቦታ ሳይሆን፣ ሰው ፈልጎ መጀመሪያ ባገኘበት ቦታ ስለሆነ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የመዥገር ቫይረሶች ካርታ የቫይረሶቹ አገር ካርታ አይደለም፤ የፈላጊዎች ካርታ ነው። በካርታው ላይ ባዶ የሆነ ቦታ ሁሉ ንጹሕ ቦታ ማለት ሳይሆን፣ ገና ያልታየ ቦታ ማለት ነው።

ይህን ያለ ማስረጃ አንናገርም። በ1944 በክራይሚያ ወደ 200 የሚሆኑ የሶቪየት ወታደሮችና ገበሬዎች ድንገተኛ ትኩሳት ያዛቸው፤ ከአፍንጫቸውና ከድዳቸው ደም ይፈስ ጀመር። ሚካኢል ቹማኮፍ የሚባለው የሶቪየት ሊቅና ጓደኞቹ በሽታው በመዥገር የሚተላለፍ መሆኑን አስታወቁ። በ1956 ደግሞ በዚያን ጊዜ የቤልጂግ ቅኝ ግዛት በነበረችው በኮንጎ፣ ዛሬ ኪሳንጋኒ በምትባለው ከተማ፣ ከአንድ በሽተኛ ልጅ ደም ውስጥ ቫይረስ ተገኘና የኮንጎ ቫይረስ ተባለ። ሁለቱ አንድ መሆናቸው የታወቀው በ1969 ነው። ስለዚህ ስሙ እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥሎ ክራይሚያ-ኮንጎ ሆኖ ቀረ። በሁለቱ ስሞች መካከል ባለው ሰፊ ምድር ግን ቫይረሱ ስም የሚያወጣለት ሳይጠብቅ ይኖር ነበር። ዛሬ በአፍሪካ፣ በባልካን፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በእስያ እንደሚገኝ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል።

ሁለተኛ ማስረጃ እንጨምር። በ1910 በናይሮቢ አካባቢ በጎችን የሚፈጅ በሽታ ታወቀ፤ የናይሮቢ የበግ በሽታ ተባለ። በ1954 በሕንድ ጋንጃም በሚባል አውራጃ ከመዥገር ውስጥ ቫይረስ ተገኘና ጋንጃም ተባለ። ኋላ ሊቃውንት ሲመረምሩት ሁለቱ አንድ ዘር ሆነው ተገኙ። ሦስተኛም አለ። በ1957 በደቡብ ሕንድ በክያሳኑር ደን ዝንጀሮዎች በብዛት ሞቱ፤ ሰዎችም ታመሙ፤ ምክንያቱም የመዥገር ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። በ1990ዎቹ ደግሞ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በጅዳ ከተማ፣ ከታመሙ ሥጋ ሻጮች ደም የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ ቫይረስ ተለየና አልኹርማ ተባለ። ይህ አልኹርማ የተባለው ከክራይሚያ-ኮንጎው ጋር በጅቡቲ ከመዥገሮች ውስጥ መገኘቱን በ2016 የወጣ ጥናት ያስረዳል። ጅቡቲ ከእኛ ምን ያህል ትርቃለች? መዥገር ፓስፖርት አይጠይቁትም።

ስለ ብዛታቸውም ጥቂት እንበል። በዓለም ላይ ወደ 900 የሚሆኑ የመዥገር ዓይነቶች ይታወቃሉ። ከነዚህ ውስጥ የሚኖሩት ቫይረሶች የአንድ ቤተሰብ ልጆች አይደሉም፤ እርስ በርሳቸው በጣም የተራራቁ ናቸው። አንዳንዱ የቢጫ ወባ ቫይረስ ዘመድ ነው። ቶጎቶ የኢንፍሉዌንዛ ዘመድ ነው። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለው ደግሞ በትንኝና በመዥገር ከሚተላለፉት ሁሉ ተለይቶ ዘሩ በዲ.ኤን.ኤ. የተጻፈ ብቸኛው ነው። በ2015 በቻይና የወጣ አንድ ጥናት መዥገርን ጨምሮ ከ70 ዓይነት ተባዮችና መሰሎቻቸው ውስጥ ቀድሞ ያልታወቁ 112 ቫይረሶች ማግኘቱን አስታውቋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 ቻይናውያን ሊቃውንት ገበሬዎችን የሚገድል አዲስ የመዥገር ቫይረስ መለየታቸውን አሳወቁ። በአሜሪካም በ2009 ሁለት የሚዙሪ ገበሬዎች ታመው ከደማቸው ሃርትላንድ የተባለው ቫይረስ ተገኘ። እነዚህ ሁሉ ትናንት የተፈጠሩ አይደሉም፤ ትናንት የታዩ ናቸው። በርግጥ ከመዥገር የተገኘ ቫይረስ ሁሉ ሰውን ያሳምማል ማለት አይደለም፤ የብዙዎቹ ጠባይ ገና አልታወቀም። ነገር ግን የትኛው እንደሚገድል የሚታወቀው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ መሆን የለበትም።

አሁን እንዴት እንደሚዛመቱ እንመልከት። መዥገር ከእንቁላል ሲፈለፈል ስድስት እግር ያለው ትንሽ ነገር ነው፤ ደም ጠጥቶ ቆዳውን ሲለውጥ ስምንት እግር ያበቅላል፤ እንደገና ደም ጠጥቶ ያድጋል፤ በመጨረሻ ሴቲቱ ጠግባ ትወድቅና በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ጥላ ትሞታለች። በአንዱ ዕድሜ የተቀበለውን ቫይረስ ወደሚቀጥለው ዕድሜ ይዞት ይሻገራል። የክራይሚያ-ኮንጎው ቫይረስ ከእናት ወደ እንቁላልም ይተላለፋል። መዥገር ሳይበላ ብዙ ወራት መቆየት ስለሚችል ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን ጎተራም ነው። ይህን ቫይረስ በዋናነት የሚሸከመው ሃያሎማ የሚባለው ባለ ቀለበት እግር መዥገር ነው። እንደ ሌሎቹ ሣር ላይ ተንጠልጥሎ አላፊ አግዳሚውን በመጠበቅ ብቻ አይወሰንም፤ ሮጦ ያሳድዳል። በልጅነቱ ጥንቸልና ወፍ ላይ ይኖራል፤ ሲያድግ ከብት ላይ ይወጣል። በጸደይ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ የሚበርሩት ወፎች እነዚህን ትንንሽ መዥገሮች በጆሮአቸውና በዓይናቸው ዙሪያ ይዘው ባሕር ይሻገራሉ። የወፍ ሊቅ ስሙ ከመዥገር ጽሑፍ ላይ መገኘቱ እንግዲህ አያስደንቅም።

ነገር ግን ወፉና ጥንቸሉ ብቻቸውን ወረርሽኝ አያመጡም። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ወደዚህ ነገር የምንገባው እዚህ ላይ ነው። በ1944 በክራይሚያ ምን ሆነ? ምድሪቱ በጦርነት ተይዛ ስለ ነበር እርሻው ጦም አደረ፤ አደን ቆመ፤ ጥንቸል በዛ፤ ከጥንቸሉ ጋር መዥገሩ በዛ። ከዚያም ወታደሮች መጥተው አዝመራ ለመሰብሰብ ሣሩ ውስጥ ተኙ። በቱርክም ከ2002 ጀምሮ በቶካት አካባቢ የተነሣው ይኸው በሽታ በ15 ዓመት ውስጥ ከ10,000 ሰው በላይ አሳምሟል። ለዚህም ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ተመሳሳይ ነው፤ መሬቱ ያለ አራሽ ቆይቶ ሰው ሲመለስበት መዥገሩ ቀድሞ ጠበቀው። ጦርነት ያባረረው ገበሬ ወደ ቀዬው ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው የሚያስብ ሐኪም ብቻ ነውን? መሬታቸውን ጥለው ተሰደው የተመለሱ ወገኖች ያሉን እኛ ይህን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልንሰማው አይገባንም።

ንግድም እንዲሁ ነው። ያጌጠ ጀርባ ያለው አምብሊዮማ የተባለው የአፍሪካ መዥገር በ1830 ገደማ ከሴኔጋል በተጫኑ ከብቶች ላይ ሆኖ የካሪቢያን ደሴት ወደ ሆነችው ወደ ጓደሉፕ ተሻገረ፤ በደሴቶቹም ተስፋፋ። የአፍሪካው የአሳማ ትኩሳት በ1957 ወደ ሊዝበን፣ በ2007 ወደ ጆርጂያ፣ በ2018 ወደ ቻይና ገባ፤ በእነዚህ ጉዞዎች ሁሉ ዋናው አጓጓዥ መዥገሩ ሳይሆን የሰው መርከብና የሥጋ ንግድ ነበር። የመዥገር ባይሆንም የቅርቡን ምሳሌ አያቶቻችን ያውቁታል። በ1887 በምጽዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው የከብት እልቂት የአገሩን በሬ ጨርሶ፣ አራሹን ያለ ጥማድ አስቀርቶ፣ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረኃብ አመጣ። ያ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። ከአንድ መርከብ የወረደ ቫይረስ የአንድ አገር ታሪክ ሲለውጥ አይተናልና፣ ቫይረስ የላቦራቶሪ ሰው ጉዳይ ብቻ ነው የሚለን ቢኖር አንቀበለውም።

አሁን ወደ በሬአችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚደርስ ከብት እንዳላት ይነገራል፤ ከአፍሪካ የሚስተካከላት የለም እየተባለም እንኮራለን። የክራይሚያ-ኮንጎው ቫይረስ ያደረበት በሬ ግን አያነክስም፣ አያስልም፣ ምንም ምልክት አያሳይም። ቫይረሱ አንድ ሳምንት ያህል በደሙ ውስጥ ይቆያል። በዚያ ሳምንት የታረደ እንደ ሆነ ትኩስ ደሙ የአራጁን፣ የገፋፊውንና የብልት አውጪውን እጅ ይነካል። በሽታው የሚተላለፈው በመዥገር ንክሻ ብቻ አይደለም፤ መዥገርን በእጅ በማፍረጥና በእርድ ጊዜ ወይም ወዲያው ከእርድ በኋላ ደም በመንካትም ነው። የተያዘ ሰው ድንገት ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይሰማዋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደም ሊፈሰው ይችላል። በወረርሽኝ ጊዜ ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚደርሱት ይሞታሉ። በስፋት የሚሰጥ ክትባት እስካሁን የለውም። የሚያስታምመውም ሐኪም ከአደጋው ውጭ አይደለም። በ2016 በስፔን አንድ ሰው መዥገር ነክሶት ሞተ፤ በማድሪድ ያስታመመችው ነርስም ተይዛ ዳነች። ልብ በሉ፤ በስፔን ይህ ቫይረስ ከአጋዘን መዥገር ውስጥ የተገኘው በ2010፣ ከሰው ስድስት ዓመት ቀድሞ ነው። ፈልጎ ማግኘት ማለት እንዲህ ያለ ነው።

በገጠራችን ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ወባ ነው»፣ ወባ ካልሆነ «ታይፎይድ ነው»፣ ካልሆነም «ታይፈስ ነው» ይባላል። ሐኪሙን አንወቅስም፤ በእጁ ያለው መመርመሪያ የሚመልስለትን ይናገራል። ለመዥገር ትኩሳት ግን ጥያቄ ስለማይቀርብ መልስ አይኖርም። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣውን የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ማስታወስ ይበቃል። ያ የትንኝ እንጂ የመዥገር አልነበረም። ነገር ግን ወደ 100,000 ሰው አሳምሞ 30,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል፤ በሽታው ስሙ በላቦራቶሪ እስኪረጋገጥ ድረስም ወራት አልፈውበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

የሚቀርቡብንን ተቃውሞዎች አስቀድመን እንመልስ። አንደኛው «ወባና የሳንባ ነቀርሳ፣ ረኃብም ሳያልቅልን ስለ መዥገር ታስፈራሩናላችሁ» የሚል ነው። የእኛ አሳብ ሰውን ማስፈራራት አይደለም፤ በየመንደሩ ወረርሽኝ አለም አላልንም። ነገር ግን ትኩሳትን ለይቶ የሚያውቅ ላቦራቶሪ ለመዥገሩ ብቻ አያገለግልም። ወባ ሳይሆን የወባ መድኃኒት የሚወስደውን ሰው ለይቶ ማወቅ ለወባው ሥራም ጥቅም ነው። ሁለተኛው «ቫይረስ አለ ከተባለ ከብታችንን የሚገዛ ይጠፋል» የሚል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ገዢው በራሱ ላቦራቶሪ መርምሮ ከሚነግረን እኛ ቀድመን አውቀን መድኃኒት ረጭተንና ከብቱን ከመዥገር አጽድተን ብንልክ ይሻላል። ከመነገሩ ይልቅ ከሌላ መስማቱ ነው የሚያዋርደው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከራሳችን ከተማሪዎች የሚመጣ ነው፤ «ቫይረሱ በኢትዮጵያ መንደር ስም እንዲጠራላችሁ ትፈልጋላችሁን?» ይሉናል። ከቶ አንፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2015 አዲስ በሽታ በቦታ ስም እንዳይጠራ መክሯል፤ ስሙ የአገሬውን ሰው ያሸማቅቃልና። እኛ የምንፈልገው ስሙን ሳይሆን ዕውቀቱን ነው። የ1978ቱን ጽሑፍ የጻፉትን ሰዎች አንከስም፤ እነርሱ ባይፈልጉ ኖሮ እኛም ባላወቅን። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ነበረ፤ በ1977 ተዘጋ። እንግዳ ሲሄድ መብራቱን ይዞ ይሄዳል፤ ቤቱ በጨለማ ቢቀር ወቀሳው የባለ ቤቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም አልተሠራም አንልም። የእንስሳት ሐኪሞቻችን የመዥገሩን ዓይነትና ብዛት በብዙ አውራጃ ቆጥረዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከረጢቱን መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ማወቅ ሌላ ነገር ነው።

«አቅም የለንም» ማለትም ዛሬ እንደ ድሮው አያስኬድም። በ2020 መጀመሪያ የኮሮና ጥርጣሬ ሲመጣ ናሙናው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ራሱ መመርመር ጀመረ፤ ዓመቱም ሳያልቅ በየክልሉ ላቦራቶሪዎች ተከፈቱ። የአንዱን ቫይረስ ዘር የሚያነብ መሣሪያ የተስማማው ኬሚካል ከቀረበለት የሌላውንም ያነባል። እንግዲህ የጎደለው መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ጠያቂ ነው።

ጠያቂ ደግሞ በመንደር ሞልቷል። በዚያው የበዓል ዕረፍት ከአንድ ሽማግሌ ከብት አርቢ ጋር ስለ መዥገር ተጨዋውተን ነበር። «አባባ፣ መዥገር ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?» ብንላቸው፣ ሽማግሌው ሳቁብንና «ልጆቼ፣ ፊደል ቆጥራችሁ መዥገር አትለዩም? ይኸ ጀርባው ያጌጠው የእኛው ነው። ባለ ቀለበት እግሩ ከቆላ ከሚመጣ ከብት ጋር ነው የሚመጣው። የሱ ንክሻ ሌላ ነው፣ ሰውም አይምር» አሉን። ሃያሎማን ሊቃውንት የሚለዩት በዚያው በእግሩ ቀለበት ነው። አማርኛ መዥገር ያለውን ኦሮምኛ ሲልሚ፣ ሶማልኛ ሺልን ይለዋል፤ በእያንዳንዱ ቋንቋ ውስጥ የትኛው መዥገር በየትኛው ወር፣ ከየትኛው መንገድ፣ በየትኛው ከብት እንደሚመጣ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። ይህን ዕውቀት ማንም አልጻፈውም። የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድማችን በማጉያ መነጽሩ አያገኘውም፤ እኛም ያለ እርሱ መነጽር ትርጉሙን አናውቀውም። ሁለታችን ስንገናኝ ብቻ ነው ካርታው መሞላት የሚጀምረው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከራሳችን እንጀምር። በሚቀጥለው በዓል ወደየቤታችን ስንሄድ መዥገር በጥፍር እንዳይፈነዳ፣ ከሰው ገላ ሲነቀልም በወረንጦ ከሥሩ ይዞ ቀጥ አድርጎ በመሳብ እንዲሆን፣ አራጁ እጁ ቁስል ካለው እንዲሸፍን፣ ጓንት ካለም እንዲያጠልቅ፣ ካለቀም በኋላ በሳሙና እንዲታጠብ እንንገር። ወተትም ይፈላ፤ በ1951 በቼኮስሎቫኪያ በሮዥንያቫ ከተማ ከ600 በላይ ሰዎች ሌላ የመዥገር ቫይረስ የያዛቸው ያልፈላ የፍየል ወተት ጠጥተው ነው። ይህን ለመናገር ዲግሪ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ታላላቆቻችንን በንቀት ሳይሆን በአክብሮት፣ በዋናነትም እኛው በእጃችን እያደረግን እናሳይ።

ሁለተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን የሳይንስን፣ የሕክምናን፣ የእንስሳት ሕክምናንና የአርትን ተማሪዎች ያጣመረ አንድ ቡድን እንዲያቋቁም እንጠይቃለን። መዥገሩን የሚለቅሙት የሠለጠኑት ይሁኑ። እኛ የሽማግሌዎቹን ቃል፣ የመዥገሩን የየቋንቋ ስም፣ ከብቱ የሚነዳበትን መንገድና የገበያውን ቀን እንጻፍ። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተር፣ ጊዜና የመጓጓዣ ገንዘብ ነው። ማኅበራችን ለጭፈራ ምሽት የሚያወጣውን ገንዘብ እናውቃለን፤ ጭፈራውን አንጠላም፤ ግማሹ ይበቃናል።

ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጋር ተነጋግሮ የተለቀመው መዥገር እዚሁ አገር ውስጥ እንዲመረመርና ውጤቱ ከሩቅ አገር መጽሔት ቀድሞ ለመንደሩ ሰው በራሱ ቋንቋ እንዲነገር ያድርግ። ከባዕዳን ጋር አብሮ መሥራት ደግ ነው፤ ነገር ግን አብሮ መሥራት ማለት ስማችን ከጽሑፉ ላይ፣ ውጤቱም ከመንደሩ ላይ ሲገኝ ነው። በሬው የተነዳበት መንደር የገዛ መዥገሩን ምሥጢር ለማወቅ የእንግሊዝኛ መጽሔት አንባቢ ልጅ በአጋጣሚ እስኪያገኝለት መጠበቅ የለበትም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ 70 ሚሊዮን ከብት አለን እያልን በጀርባው ላይ ያለውን ካላወቅን ቁጥሩ ብቻውን ምን ያደርግልናል?

የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድማችን ይህን ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት አነበበው። በዚህ ጊዜ አልሳቀም። «ያ ልጅ ደህና ነው?» ብቻ ብሎ ጠየቀን። ደህና ነው፤ ደውለን ጠይቀናል፤ አክስታችን በጥያቄአችን ተገርማ «ምን ሰማችሁ?» አለችን። የምንመልስላት ግን በቂ ነገር አልነበረንም። በሬው ቫይረሱ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? በዚያ ወረዳ ይኖራል ወይስ አይኖርም? ልናውቀው የሚቻል ነገር ነበር፤ ነገር ግን አናውቀውም። ለእርሷ የሚሆን መልስ ሳንይዝ ለመስቀል ወደ ቤት የምንገባ ከሆነ፣ ቢያንስ አንድ ጥንድ ጓንትና አንድ ወረንጦ ይዘን እንግባ፤ የልጁንም እጅ ይዘን እንከልክለው።